የራሳቸውን ድምፅ ሲያዳምጡ

ልጅቷ ሽማግሌውን «ዋሸኸን» አለቻቸው። በእሷ አማርኛ ውስጥ እርስዎ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው ሁሉ አንተ ነው። «ሃያ ቃል በቃሌ አጥንቼ ለአያቴ በስልክ ነገርኳት። ከአምስቱ በቀር ምንም አልገባትም። ‹ልጅቷ በምን ቋንቋ ነው የምታወራኝ?› ብላ እናቴን ጠየቀቻት።»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ጠርዙን በጣታቸው ያሻሹ ጀመር።

«መስመሩ ነዋ» አሉ። «የከረን ስልክ መቼ ጥርት ብሎ ያውቃል?»

«እናቴ ስታወራ ሰምታታለች። እኔን ነው ያልሰማችኝ።»

አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ በሚገኝ አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በምንይዛት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበርን። ልጅቷን ጨምሮ አራት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ሽማግሌውና እኔ። ተማሪዎቹ የሚሠሩት የስልክ አፕ ነው። ሥዕል ይመጣል፣ ሥዕሉን ስትነኩት የሽማግሌው ድምፅ ስሙን በብሊን ይናገራል። ብሊን ኤርትራ ውስጥ፣ በከረን አካባቢ የሚነገር ቋንቋ ነው። የልጅቷ አያት ከሱ ሌላ ብዙም አይናገሩም፤ እናቷ ግማሹን ረስታዋለች፤ ለእሷ ምንም አልደረሳትም። አፑን የጀመረችውም ለዚህ ነው። አያትየው ታመዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ተማሪዎቹ ለሚያስጠኗቸው ሕፃናት ሊከፍቱት ነበር።

እኔ የተማሪዎቹ ሜንተር፣ አማካሪያቸው ነኝ። ብሊን አልችልም። ግጥም ስለምጽፍ ቋንቋ የማውቅ መስሏቸው ነው የጠሩኝ፤ እንጀራዬ ግን ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ነው። ሽማግሌውንም ያገኘኋቸው እዚያው፣ ታክሲዎች ወረፋ በሚጠብቁበት ሜዳ፣ መሪያቸው ላይ የአማርኛ መጽሐፍ ዘርግተው ሲያነቡ ነው። የከረን ልጅ ነኝ አሉኝ። ይዣቸው መጣሁ።

ከከረን የወጡት በዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አሥመራ አማርኛ ትምህርት ቤት ገቡ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ ቀጥሎ ዴንቨር። አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል፤ ግጥሜን አንብበው «ይቺ ስንኝ ታነክሳለች» ይሉኛል፣ ልክ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግሌንዴል ሰፈር አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ታክሲውንም ትተዋል። ለቅዳሜ ኮት ይለብሳሉ። ሲገቡ ተማሪዎቹ ይነሡላቸዋል፤ ሌላ ቦታ የሚነሣላቸው ሰው አይቼ አላውቅም።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ? ታውቅ ነበር?»

ባለፈው መከር፣ በመኪናዬ ወደ ቤት ሳደርሳቸው፣ ሐቫና መንገድ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ነበር። ወደ መስኮቱ ዞረው፣ «አንዳንዱን ቃል እኔ ነኝ የምሠራው» አሉኝ። «ሥዕሉን ሲያሳዩኝ ዝም ማለት ያሳፍራል።»

«ጋሼ፣ ሰው ያልሠራው ቃል የትኛው ነው?» አልኳቸው።

በመልሴ ኮራሁ። ቤት ገብቼ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

«አላውቅም ነበር» አልኳት።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ኮፍያቸው ተመለሱ።

«ስለዚህ ሁሉንም ዲሊት እናደርገዋለን» አለች። ሌሎቹ ሦስቱ ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ።

«ሁሉም እኮ ውሸት አይደለም፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «የእናቴ ቃላት አሉበት። እነሱን አታጥፉብኝ። የቷ የእናቴ፣ የቷ የእኔ እንደሆነች አውቃለሁ። ቁጭ ብዬ እለይላችኋለሁ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ላፕቶፑን አዞረችላቸውና የጆሮ ማዳመጫውን ራሷ ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። ሥዕል በመጣ ቁጥር እሷ ትጫናለች፣ እሳቸው ይፈርዳሉ።

ውሃ። «እውነት» አሉ። እናት። «እውነት።» እሳት። «እውነት።» ላም ስትመጣ ሣቁ። «ይቺማ የእናቴ ናት። ስትታለብ አጠገቧ ነበርኩ።»

አመድ መጣ። አዳመጡ። «ድገሚልኝ» አሉ። ደገመችላቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ዝለያት።»

መጥረጊያ። «ይቺ የእኔ ሥራ ናት።» መሰላል። «የእኔ ናት።» መስኮት። «የእኔ… ቆይ። አይደለችም። እናቴ እዚያ ቆማ ነበር የምትጠራኝ።» ወደ ሥዕሉ ቀረቡ። «መስኮት ነበረን እንዴ?»

ይህን የጠየቁት እኛን አልነበረም።

«ላሟን መልሺልኝ» አሉ።

መለሰችላቸው። ሦስት ጊዜ ሰሙ። በአራተኛው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ሲገልጡት ፊታቸው ላይ የነበረው ሣቅ አልነበረም። እሳትን ጠየቁ። ወደ ኋላ፣ ወደ እናት ተመለሱ። እኔ ያለ ማዳመጫ የሚሰማኝ የላፕቶፑ ቁልፍ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ልጅቷ ቁጣዋ አልቆ ትከሻዋ ወርዷል።

«ጋሼ፣ ይበቃዎታል» አልኩ።

ማዳመጫውን አወለቁ። «ላም በእናቴ ድምፅ ነበር የምትመጣልኝ» አሉ። «እዚህ ከመምጣቴ በፊት። አሁን ስፈልጋት የሚመጣው ይኼ ነው፤ የእኔው ድምፅ፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ የቀዳሁት። እውነቱም በሱ ነው የሚመጣው፣ የሠራሁትም በሱ።»

«ኢትስ ኦኬይ» አለች ልጅቷ። «እርግጠኛ የሆንክባቸውን ብቻ እንተዋለን። ውሃን። እናትን።»

«እናት ምን እንደምትባል አያትሽን ጠይቂ።»

«ከአሁን በኋላ ስልክ ላይ ማውራት አትችልም። ኦክስጅን ላይ ናት።»

ሽማግሌው የማዳመጫውን ገመድ መዳፋቸው ላይ ጠቅልለው፣ ጫፉን በጥንቃቄ ወሽቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«አጥፊው» አሉ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ሕፃናት ሊማሩበት አይደል?»

ሁሉንም መረጠች። ማሽኑ እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት፣ እንደገና ተጫነች። ሥዕሎቹ በቦታቸው ቀሩ፤ ላሟም፣ መስኮቱም። አንዱ ተማሪ ላሟን በጣቱ ነካት። ምንም አልተሰማም።

ሽማግሌው ተነሡና ኮፍያቸውን አጠለቁ። የመኪና ቁልፌን አነሣሁ።

«ላድርስዎት፣ ጋሼ።»

«በባቡር እሄዳለሁ።»

«ጣቢያው እኮ ሩቅ ነው።»

«አንተ እዚሁ ሁን» አሉ። «ሜንተር አይደለህ?»

ልጅቷ አየችኝ። በዚያች ዕይታ ቀድሞም አውቅ እንደነበር የገባት መሰለኝ። የክፍሉ በር ከባድ ነው፤ ሁልጊዜ ከመካከላችን አንዱ ተሽቀዳድሞ ይይዝላቸው ነበር። ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ሆኖ ቆሜ ቀረሁ። በትከሻቸው ገፉት፣ በጎን አለፉ፣ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።