በቀይ የተጻፈው ብስክሌት

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የብስክሌት ነገር አበቃለት ሲባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አላስታውስም። መጀመሪያ የነገረኝ መለዋወጫ የምገዛበት ነጋዴ ነው። ቀጥሎ ጎረቤቶቼ ነገሩኝ። ቀጥሎ ብስክሌቱን ሊያስጠግን የመጣ ደንበኛ ነገረኝ፤ ያውም እኔ ካላማዳሪያውን ውኃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን ስፈልግለት። ሁሉም የሚነግሩኝ እንደ መርዶ ነጋሪ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ነግረውኝ ሲያበቁ ራክሻ ይጠራሉ፤ እኛ አገር ባጃጅ የምትባለውን ባለ ሦስት ጎማ ማለቴ ነው።

ሱቄ ከገበያው ጀርባ ነበር። ሱቅ አልኩት እንጂ የአንድ ሐጂ ግቢ አጥር ላይ የተደገፈ የቆርቆሮ ዳስ ነው። በዘጠናዎቹ ወተት ሻጩም፣ ዘበኛውም፣ መምህሩም በብስክሌት ነበር የሚሄደው፤ የሁሉም ጎማ ደግሞ በእሾህ ይበሳል። እሾሁን የተከልኩት እኔ ባልሆንም እግዜር ይስጠው እል ነበር።

ሥራው ሲደራልኝ ታፔላ አማረኝ። ሱዳኖቹ ያለ ታፔላም ያውቁኛል፤ እኔ የፈለግሁት የአገሬ ሰው አንብቦ እንዲገባ ነው። የጻፈልኝ ሰሊጥ ለማረም ከጎንደር በኩል የወረደ፣ ድሮ የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ነው። እጁ ያምራል። «የብስክሌት ሐኪም» ብሎ ጻፈ፤ የመጀመሪያውን ቃል በቀይ፣ ሁለተኛውን በጥቁር። ለምን ለያየኸው ብዬ ጠየቅሁት።

«በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የቅዱሳን ስም በቀይ ነው የሚጻፍ» አለኝ። «የእንጀራዎን ስም በጥቁር አልጽፍም፣ ጋሼ።»

ደስ አለኝ። ብስክሌት ከቅዱሳን ተርታ ስትገባ ለማየት የበቃ ጠጋኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የገዳሪፍ ፀሐይ ግን እንዲህ ያለውን ክብር አይቆጥርም። ቀዩ በየዓመቱ እየገረጣ ሄደ፤ ጥቁሩ ንክችም አላለ። ራክሻዎቹ የመጡትም በዚያው ሰሞን ነው። ደንበኞቼ ከቀለሙ ጋር አብረው ጠፉ፤ እኔም የሚሄዱትን ደንበኞች ስቆጣ ቀና ብዬ ታፔላዬን አላየሁም።

በመጨረሻ ሐጂ ራሳቸው መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ክፉ ነገር የሚናገሩት ሻይ ካጠጡ በኋላ ነው።

«ያ ሐበሺ» አሉኝ፣ አንተ ሐበሻ ማለታቸው ነው፣ «ወይ የራክሻ ሥራ ተማር፣ ወይ ቦታውን ለእህቴ ልጅ ልስጠው። እሱ ራክሻ ይጠግናል። እስከ መኸር እጠብቅሃለሁ።»

ብስክሌት መመለሷ አይቀርም ብዬ ተከራከርኳቸው። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼ ነበር። ሌላ ሙያ የለኝም፤ ያለኝን ደግሞ እወደዋለሁ። ጠማማ ጎማ በእጄ ላይ ቀስ በቀስ ሲስተካከል የሚሰማኝን ደስታ ራክሻ ትሰጠኛለች ብዬ አላምንም።

በዚያው ክረምት ሁለት ሳሉጎች፣ በየዓመቱ ለእርሻ ሥራ ድንበር የሚሻገሩ የአገሬ ሰዎች፣ ከባሱንዳ እርሻዎች ሦስተኛ ጓደኛቸውን ደግፈው ዳሴ ገቡ። ሰውየው በንዳድ ይንቀጠቀጣል።

«ሐኪም፣ መርፌ ይውጉልን» አሉኝ።

በእጄ የያዝኩት የጎማ መንፊያ ነበር። ማን እንደላካቸው ስጠይቅ ወደ ላይ ጠቆሙኝ። ወጥቼ አየሁ። ቅዱሱ ቃል ድራሹ ጠፍቷል፤ የቀረው «ሐኪም» ብቻ ነው። እንዴት እንደተናደድኩ። ግን ሰውየው በእኔ ንዴት አይድንም፤ ብስክሌቴ ላይ አስቀምጬ፣ ጓደኞቹ ግራና ቀኝ ደግፈውት፣ እየገፋሁ ሆስፒታል አደረስኩት። እዚያ ያሉት ሐኪሞች የሚያውቁት ዐረብኛ፣ እሱ የሚያውቀው አማርኛ፤ ቆሜ አስተረጎምኩ። ወባ ነበር፤ መድኃኒት ሰጡት።

ከዚያ ወሬው በየእርሻው ተዛመተ። ገዳሪፍ ገበያው ጀርባ አማርኛ የሚሰማ ሐኪም አለ ተባለ። ከቁረይሻ ሳይቀር ይመጡ ጀመር። ሐኪም አይደለሁም ብዬ ለእያንዳንዱ እነግራለሁ፤ ትሑት ነው ይሉኛል። ባለቤቴ እቤት ስገባ «ዶክተር፣ ምሳ ቀርቧል» ትለኛለች። እኔም በብስክሌቴ ሕመምተኛ እየገፋሁ ስመላለስ ከረምኩ።

መኸር ደረሰና ሐጂ ለቁርጡ ነገር መጡ። አግዳሚው ላይ ተደርድረው የተቀመጡትን ሰዎች አዩ።

«ማሻአላህ» አሉ። «ይህ ሁሉ ዘቡን? አንተ ልክ ነበርክ፣ ብስክሌት ተመልሳለች። ቦታው ያንተ ነው።»

ላርማቸው አፌን ከፈትኩ። ዘቡን፣ ማለት ደንበኛ፣ ካሏቸው አንዱ ግንባሩን ይዞ አቃሰተ። አፌን ዘጋሁና «ሹክራን፣ ሐጂ» አልኩ።

ቦታው ተረፈልኝ፤ ውስጤ ግን ተከፋ። ብስክሌት ታድነኛለች ብዬ የተከራከርኩትን እኔን ያዳነኝ ወባ ነው። አንድ ቀን ቀለም ገዛሁ፤ ጥቁር፣ ፀሐይ የማይደፍረው።

«ብስክሌት ብለህ ብትጽፍስ ማን ሊመጣልህ ነው?» አለች ባለቤቴ።

«ለራሴ ነው የምጽፈው» አልኳት።

መሰላል ላይ ወጥቼ ቡሩሹን እንደነከርኩ አንድ ሰው ከታች ሰላም አለኝ። ያ የመጀመሪያው፣ በንዳድ ይንቀጠቀጥ የነበረው ነው። ጉንጩ ሞልቷል፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ወደ አገሩ ከመግባቱ በፊት ሊያመሰግነኝ፣ በፌስታል ሰሊጥ ይዞልኝ መጥቷል። አመሰገነኝ፣ መረቀኝ፤ ከዚያ ወደ ዳሱ ውስጥ አየ። በሚስማር የተንጠለጠሉትን ጎማዎች፣ ካቴናዎቹን፣ የመንፊያዬን እጀታ በመገረም ተመለከተ።

«ሐኪም» አለኝ፣ «ብስክሌትም ይጠግናሉ እንዴ?»

ከቡሩሹ ጥቁር ቀለም እጄ ላይ ተንጠባጠበ።

«አልፎ አልፎ» አልኩት።