ተመልካች ዝም ይበል

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲታይ ምን ያህላል? ፍልስፍና ተምሬ፣ አስተምሬ፣ ጡረታ ወጥቼም መልሱ አልተገኘልኝም። ጥያቄውን ባነሳሁ ቁጥር ፊቴ ድቅን የሚለው ግን ታላቅ ሰው አይደለም፤ የሰፈራችን ጎሚስታ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጎማ ሲጠግንና ሲነፋ ኖሯል። የነፋው አየር ሁሉ ከጎማው ጋር ሄዷል። "ነፍቼ ነፍቼ የቀረኝ ይሄ ነው" ይላል፣ ቦርጩን መታ መታ እያደረገ።

የዳማ ገበታውም ቀርቶለታል። ከአሮጌ በር ቆርጦ፣ ጥቁርና ነጭ ቀብቶ ራሱ ነው የሠራው። ኮምፕሬሰሩ አጠገብ፣ የከመነዳሪ ቀዳዳ ከሚፈለግበት የውሃ ሳፋ ጎን ይቀመጣል። ጠጠሮቹ ቆርኪዎች ናቸው፤ ለያንዳንዱ ተጫዋች አሥራ ሁለት፣ የአንዱ በጀርባቸው የሌላው በሆዳቸው። ጥቁር ጥቁሩን ቤት ይዘው፣ በሰያፍ፣ አንድ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳሉ። ከፊትህ የባላጋራህ ቆርኪ ቆሞ ከኋላው ያለው ቤት ባዶ ከሆነ ዘለህ ትበላዋለህ። ወዲያኛው ጫፍ የደረሰ ይነግሣል፤ ሌላ ቆርኪ ይደረብለትና ወደኋላ መሄድም ይፈቀድለታል። መብላት ግን ውዴታ አይደለም። ሁለት መንገድ ካለህ መምረጥ ትችላለህ፤ አለመብላት አትችልም። ስለ ሰው ልጅ ነፃነት ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላነበብኩም።

የዘወትር ተጋጣሚው ባለታክሲው ነው። የቀረነው ከብበን እንጮሃለን። "በዚህ በኩል!" "ኧረ ተው፣ ሊበላህ ነው!" ጎሚስታው ይለምነናል።

"ወንድሞቼ፣ በእናታችሁ ዝም በሉ። ብሸነፍም በራሴ ጭንቅላት ልሸነፍ።"

"በየትኛው ጭንቅላት?" ይላል ባለታክሲው።

አንድ ቀን ጠዋት ጎማ እየፈታ ሳለ ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቱ ተያዘ። ሐኪሟ ሚስቱን፣ "እናቴ፣ ነፍሱ ተርፋለች። የሚባለው ይገባው እንደሆነ ግን ገና አናውቅም" አለቻት። ሚስቱ ስሙን ብትጠራ፣ ልጆቹን ብታቀርብለት፣ እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ነው። "ሰውዬው እዚህ ተኝቷል፤ እሱ ግን የት ሄደ?" ትለን ነበር።

ባለታክሲው ገበታውን በብብቱ ይዞ ሆስፒታል መጣ።

"ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?" አለችው የጎሚስታው ሚስት።

"ላነጋግረው ነዋ። እኔና እሱ ሌላ ወሬ ኖሮን አያውቅም።"

በምግብ ጠረጴዛው ላይ ቆርኪዎቹን ደረደረና መጀመሪያ ራሱ ገፋ። ጠበቅን። የጎሚስታው ዓይን ከጣሪያው ቀስ ብሎ ወረደ። ግራ እጁ ተነሣችና አንዲት ቆርኪ ገፋች። ሚስቱ አፏን ያዘች።

"እጁ ለምዶት ይሆናል" አልኩ በልቤ። እጅ ብቻውን ብዙ ነገር ያስታውሳል።

ጥቂት እንደተጫወቱ ባለታክሲው ወጥመድ ዘረጋ።

"ለበሽተኛ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ካዘንኩለት እኮ ሰደብኩት ማለት ነው።"

ጎሚስታው የሚበላበት ሁለት መንገድ ነበረው፤ በቀኝ ሁለት ቆርኪ ባንድ ጊዜ፣ በግራ አንዲት ብቻ። እጁ አየር ላይ ቆመች። ቆየች። ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይሄኔ ከጎኑ አልጋ ላይ ያለው፣ እግሩ በጄሶ የታሰረው በሽተኛ አላስቻለውም።

"አባት፣ ሁለቱን ነው እንጂ!"

"ሁለቱን! ሁለቱን!" አለ ሌላው ከበሩ ጥግ።

እኔም፣ አይፈረድብኝና፣ "በቀኝ!" ብዬ ጮህኩ።

የጎሚስታው ፊት ተኮማተረ።

"ዝ... ዝም በሉ።"

ከዚያ አንዲቷን በላ።

ባለታክሲው ገበታውን አይቶ ጭንቅላቱን ያዘ። "ሁለቱን ቢበላ ኖሮ እኔ ሦስት በልቼ ልነግሥ ነበር እኮ! አየብኝ! እሱ ነው! ራሱ ነው፣ ይሄ ተንኮለኛ!"

ሚስቱ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ እጁን ይዛ አልለቅም ትላለች። ከደረቴ ላይ አንድ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ። የአንድ ሰው ዕድሜ ምን ያህል እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ሁለት ቃል ሲያህል አይቻለሁ።

ጫጫታውን ሰምታ ልትቆጣ የገባችው ነርስ እንኳ ገበታው ላይ አጎንብሳ፣ "ተራው የማን ነው?" አለች። በሽተኞቹ ካልጋቸው ሆነው ምክር ያዘንባሉ። ጎሚስታው ግራ እጁን አነሣና፣ እየተኮላተፈ፣ "በእናታችሁ... ዝም በሉ" ብሎ ደገመ።

ማን ሊሰማው!