የእናቴ ዓሣዎች

ባሕር ዳር ያለ አንድ ወጣት ጎረቤቴ፣ ከባሕር የመጡ ባለ ቀለም ዓሣዎችን ከነድንጋያቸው በመስታወት ሣጥን ያኖራል። በቀደም መብራት ጠፍቶ ውሃው መቀዝቀዝ ሲጀምርበት፣ ሙቅ ውሃ የሞላበት ጠርሙስ ከሣጥኑ ውስጥ እየነከረ የሙቀት መለኪያውን ሲያይ ደረስኩ፤ የለብታው ውሃ የድንጋይና የዓሣ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ስልሳ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ ጋይንት፣ አባቴ ቤት፣ ከምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ያልኩ መሰለኝ።

እናቴ ስማዳ፣ በሽሎ ወንዝ ዳር ያደገች የቆላ ልጅ ነበረች፤ ተድራ ጋይንት ደጋ ከወጣች በኋላ ብርዱን ሳትለምደው ኖረች። እኔ ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ጥቅምት፣ ታናሽ ወንድሟ አጎቴ ደሴ የወንዙን ሙላት መጉደል ጠብቆ፣ ጣት የሚያካክሉ ስድስት ዓሣዎች በቅል ውሃ ይዞ፣ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ መጣላት። «ወንዙን ተሸክሜ መምጣት ስላልቻልኩ ነው» አላት። እሷም ከብት ይጠጣበት የነበረውን አሮጌ የእንጨት ገንዳ አጥባ፣ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣ፣ ጠጠር አንጥፋበት ለቀቀቻቸው። አባቴ «የቆላ ዕብደት» እያለ ይስቅ ነበር፤ የሚያሙለጨልጭ ነገር ስለሚቀፈው ግን እጁን አንድ ቀን እንኳ አስገብቶበት አያውቅም።

የደጋ ውሃ እንዳለ ቢተው ለነዚያ ዓሣዎች ሞት ነበር። እናቴ ጧትና ማታ ከምድጃው የጋለ ድንጋይ በጉጠት አውጥታ፣ አመዱን አራግፋ፣ ጥቂት አብርዳ፣ ዓሣዎቹ እንዳይነኩት በተበሳሳ ሸክላ ውስጥ አድርጋ ከገንዳው ጥግ ታስቀምጠው ነበር። ሲመሽ ገንዳውን በአጎዛ ትሸፍነዋለች። የሙቀቱን ልክ የምታውቀው በእጇ አንጓ ነበር። «ቅዝቃዜው ካላስደነገጠሽ፣ ሙቀቱም ካላስደሰተሽ፣ ልኩ እሱ ነው» ትለኝ ነበር፤ «ደግሞ ቀስ በይ። ከብርዱ ይልቅ ድንገቱ ነው የሚገድላቸው።» ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሜዳውን ሲያነጣው፣ ሥራውን ከእሷ እኩል ለምጄው ነበር።

በታኅሣሥ በአንዱ ዓርብ፣ ከአርብ ገበያ መንገድ ዋይታ ተሰማ። የአባቴ ታናሽ ወንድም አያ ሞላ ጠላ ቤት ተቀምጦ፣ እናቴን «ትል አርቢዋ» እያለ ሲያላግጥባት፣ ለገበያ የወጣው አጎቴ ደሴ ሰምቶ በዱላ ግንባሩን ፈንክቶት ወደ ስማዳ ሸሸ። አያ ሞላን በቃሬዛ ሲያመጡት ፊቱ ደም ብቻ ነበር፤ ሴቶቹ ሞቷል ብለው ደረት ይመታሉ። አባቴ ወደ ቃሬዛው ሲሮጥ፣ እናቴ ወደ ቤት ሮጠች። ተከትያት ስገባ፣ ከግድግዳ ያወረደችውን ዝናር እያራገፈች ጥይቱን ከገንዳው ጠጠር ሥር ስትቀብር አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝና ጠጠሩን መለሰችበት።

አባቴ ገብቶ ጠመንጃውን አነሣና ዝናሩን ዳሰሰ።

«ጥይቱ የት ነው?»

«እኔ አላውቅም።»

«ወንድሜን የገደለውን ልታድኚው ነው።»

«አልሞተም እኮ፣ ይተነፍሳል። ሄደው ይዩት» አለችው።

በሰደፍ መታት። ፊቷን ልትከልል ባነሣችው ጊዜ የግራ ክንዷ እንደ ደረቅ ጭራሮ ጧ ብሎ ሲሰበር ሰማሁ። ከወደቀችም በኋላ ጎረቤቶች ገብተው እስኪይዙት ድረስ ይረግጣት ነበር። የነፍስ አባታችን በዚያው ዕለት መጥተው፣ ጥይት የሚያውሰው ሰው የተገዘተ ይሁን ብለው ስለ ገዘቱ፣ ከማንም ሊያገኝ አልቻለም። ሦስት ቀን ሙሉ ጎተራ እየገለበጠ፣ የጣሪያውን ሣር እየወጋ ቤቱን በረበረው፤ ባጣ ቁጥርም ተመልሶ እሷን ይመታ ነበር።

መደብ ላይ ተኝታ ወጌሻው ክንዷን ሲያስርላት፣ እናቴ በጆሮው ለደሴ «ቶሎ ሽሽ» የሚል መልእክት ላከች፤ ሰውየው ወደ ስማዳ የሚመለስ ነበርና። ሲወጣ እኔን ጠራችኝ። «ዓሣዎቹ ከሞቱ ገንዳው ይደፋል፤ ገንዳው ከተደፋ አጎትሽ ሞተ» አለችኝ።

ድንጋዩን እኔ ማጋል ጀመርኩ። አባቴ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከምድጃው ማዶ ተቀምጦ ሲያየኝ፣ አንጓዬን ከውሃው እነክር ነበር፤ ቅዝቃዜው ይሁን ፍርሃቱ የሚያስደነግጠኝ መለየት አቃተኝ።

በአራተኛው ቀን ጧት ውሃው በውርጩ እጅግ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ቸኮልኩ፤ ድንጋዩን ሳላበርድ ጨመርኩት፣ ሸክላውን ሰንጥቆ ከጠጠሩ ላይ ወደቀ። ሦስቱ ዓሣዎች ወዲያው ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። አፍሼ በጉያዬ ልደብቃቸው ስል አባቴ እጄን ያዘ፤ ጣቶቼን ፈልቅቆ ሲያያቸው በጥፊ አጋደመኝ። ከዚያም «ይኸንን ግማት!» ብሎ ገንዳውን በርግጫ ገለበጠው። ውሃው ምድጃው ውስጥ ገብቶ ቤቱ በእንፋሎት ሲታፈን፣ ጥይቶቹ ከጠጠሩ ጋር ተንከባለው እግሩ ሥር ቆሙ።

ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ለቅሞ በጋቢው ጫፍ አደረቃቸው። እናቴ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። ደረቷን ገፍቶ ጣላትና ወጣ።

ስማዳ ሲደርስ ግን አጎቴ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በሽሎን ከተሻገረ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። አባቴ ባዶውን ቤት አቃጠለ፣ የቀሩትን በሬዎች በጥይት ገደለ፣ ልብሱ ጭስ ጭስ እየሸተተ ተመለሰ። አያ ሞላ በዚያ ሳምንት ግንባሩን እንደታሰረ ተነሥቶ ገንፎ ይበላ ጀመር።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎችና ካህናት ገብተው ዕርቅ ሆነ። አጎቴ ድንጋይ ተሸክሞ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተንበረከከ፣ አባቴም ድንጋዩን ከጫንቃው አወረደለት፣ ተሳሳሙ፣ አለቀሱም። ስለ ተፈነከተው ግንባርና ስለ ተቃጠለው ቤት ብዙ ተባለ። ከዚያ እኛ ቤት መጥተው ሲበሉ፣ እናቴ ተጣሞ የገጠመውን ክንዷን በነጠላዋ ሸፍና በቀኟ ጠላ ትቀዳ ነበር።

«ክንድሽ ምን ሆነ?» አላት አጎቴ።

አባቴ ወደ ዋንጫው አቀረቀረ፤ ሽማግሌዎቹም እንጀራቸውን መቁረስ ያዙ።

«ወደቅሁ» አለችው።

ዛሬ የልጅ ልጄ፣ ባሏ ክፉ ቃል ቢናገራት ማዕድ ላይ፣ እሱ ባለበት፣ ለሁላችንም ትናገረዋለች፤ እሱም አፍሮ ይቅርታ ይላታል። በኛ ጊዜ ይህ ድፍረት ነበር። አልቆጣትም፤ እንጀራዬን እየቆረስኩ አዳምጣታለሁ። እናቴ ያቺን «ወደቅሁ» ይዛት መቃብር ወረደች፤ እኔም እናት ሆኜ፣ አያት ሆኜ፣ ክንዷ ምን እንደሆነ የጠየቀኝን ሰው ሁሉ «ወድቃ ነው» እያልኩ ስመልስ ነው የኖርኩት።