ክሮቼራው ተቀይሮ ሺፍቴ ላይ እስክደርስ

ሚያዝያ 2013፤ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ጸሎቴን አድርሼ ወጣሁ። ሰማዩ ገና አመድማ ነው። አሮጌዋ ቫኔ ከሳምንት ወዲህ ስትነሣ ከሥር ቋ ትላለች፤ ፍጥነት ስጨምር ወለሉ እግሬን ያንዘፈዝፈዋል። ሆቴሉ በወረርሽኙ ከተዘጋ ከዓመት በኋላ ትናንት ጠሩኝ። ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ካልገባሁ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። ሆቴሉ ከከተማ ወጣ ብሎ ስለሆነ አውቶቡስ አይደርስም።

ሜሪላንድ ፓርክዌይ፣ አሥራ ሁለት ተኩል

ቀስ እያልሁ ነዳሁ። ግማሾቹ ሱቆች እንደተዘጉ ናቸው፤ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት በፀሐይ ነጥቷል። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ የሆቴል ሹፌር ሆነው በዕረፍት ቀናቸው ጓሯቸው ውስጥ መኪና ይሠራሉ። እዚያ ደርሼ የወለሉን መንዘፍዘፍ ስነግራቸው ከሥር ገብተው፣ ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ ነቀነቁት።

«ክሮቼራው አልቋል» አሉ። የዘንጉን ጫፍ ከሚገጥምበት ብረት ጋር የሚያያይዘው፣ መስቀል የሚመስለው ዕቃ ነው። «ዘንጉ ከወጣ ፓርክ ብታደርጊያትም አትቆምም። ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጊ።»

ከአጥሩ ሥር ሁለት ድንጋይ አምጥቼ አስደገፍሁ።

«ውሃ ላምጣልዎት?»

«ረመዳን አይደል እንዴ፣ ጽጌ?»

አፈርሁ። እኔም ሁዳዴ ላይ ነኝ፤ እስከ ዘጠኝ እህል አልቀምስም።

«አብሽሪ፤ ሁለት ጾመኛ አንድ ዘንግ አያቅተንም» አሉ።

አንድ እጃቸው ቦልት ይዞ ስለነበር በሌላው ነጭ ቀለም አቀበሉኝ። «ሳላወጣው መጋጠሚያው ላይ ምልክት አድርጊ፤ እንደነበረው መመለስ አለበት።» እጄን ሰድጄ፣ ሊጥ ላይ እንደማደርገው፣ ዘንጉ ላይ ትንሽ መስቀል ሠራሁ።

እዚያው ጓሮ፣ አምስት ሰዓት

አሮጌው በመዶሻ ተመትቶ ሲወጣ የዝገት ዱቄት ረገፈ። እሳቸው ጋር የነበረው አዲሱ ገባ። ዘንጉን መልሰው አሰሩና አውራ ጎዳናው ላይ ወጥተን ሞከርናት። ወለሉ ካለፈው ብሶ ተንቀጠቀጠ።

ስንመለስ ከሥር ገቡ። «ምልክቱ የታለ?»

«መስቀሉ ይኸውልዎት።»

«ይሄማ የዘንጉ ነው። የሚገጥምበት ብረትስ? መስመሩ ሁለቱንም መንካት ነበረበት።» ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ መስመር የለም። «ባረክሽው እንጂ ምልክት አላደረግሽበትም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሽ ሰይድ።»

«የኔም ነው፤ ሳላይ አወጣሁት።» ከንፈራቸው ደርቆ ተሰንጥቋል፤ እንደገና መኪናው ሥር ባነጠፉት ካርቶን ላይ ተጋደሙ። ሰዓቴን ማየት ፈራሁ። ቦልቶቹን ፈተው፣ ዘንጉን ግማሽ ዙር አዙረው መልሰው አሰሩት። ከዚያ ቀለሙን አንሥተው፣ መስቀሉን ሳይነኩ፣ ከጎኑ ከዘንጉ እስከሚገጥምበት ብረት ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ።

«ለሚቀጥለው መካኒክ» አሉ።

አውራ ጎዳናው፣ ሰባት ሰዓት ተኩል

ብቻዬን ነኝ። ስልሳ ማይል ነካሁ፤ ወለሉ ዝም ብሏል። ሳላምን እግሬን አነሣሁና እንደገና ጫንሁ። ያው ዝም።

ሆቴሉ፣ ለስምንት አምስት ጉዳይ

ፓርክ አደረግሁ። ማስኬን አስተካከልሁ። ጥፍሬ ሥር ግሪስ አለ። ከወንበሩ ሥር፣ ሳላስበው ይዤው የመጣሁትን አንዱን ድንጋይ አውጥቼ ጎማው ሥር ላደርግ ጎንበስ አልሁ። ከዚያ ዘንጉ ገብቶ መታሰሩ ትዝ አለኝ። ድንጋዩን ወንበሩ ላይ ትቼ ወደ ሠራተኞች በር ሄድሁ።