በፋይል የተላከው ፎቶግራፍ

ሰኞ፣ መስከረም 14 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ጀመርኩ። የቅጥር ደብዳቤዬ «የሰነድና መረጃ ባለሙያ» ይላል። ቦታው አቃቂ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ የሚገኝ ግቢ ነው፤ በባሎቻቸው ወይም በቤተሰቦቻቸው ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ከነልጆቻቸው የሚጠለሉበት ቤት። በሩ ላይ ምንም ጽሑፍ አልነበረም። ለጎረቤት የጥልፍ ማሠልጠኛ እንደሆነ ተነግሯል፤ ይህም ውሸት አልነበረም፣ ሴቶቹ በእርግጥ ይጠልፉ ነበር።

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ የሺእመቤት የመጀመሪያውን ሰዓት በሙሉ ስለ አድራሻ አስረዱኝ። ከሚኒባስ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እንድወርድ፣ የሥራ ቦታዬን ለዘመድ እንኳ እንዳልናገር፣ በደብዳቤዎቻችን ላይ ከፖስታ ሣጥን ቁጥር በቀር ምንም እንዳልጽፍ አዘዙኝ።

«አጥር አለን፣ ዘበኛ አለን» አሉኝ። «ሁለቱም ግን ለሌባ ነው። ሴቶቹን የሚጠብቃቸው የት እንዳሉ አለመታወቁ ነው።»

ሥራዬ የእያንዳንዷን ሴት ማኅደር መያዝ፣ ሪፖርት ማዘጋጀትና ፎቶግራፍ ማንሳት ነበር። ፎቶግራፉ ለረጂዎች ይላካል፤ የጥልፍ ሥራውንም ለገዢ ያስተዋውቃል። ፊት ማንሳት ፈጽሞ ክልክል ነው። ስለዚህ ጀርባ፣ ትከሻ፣ መርፌና ክር የያዙ እጆችን አነሳ ነበር። ዘበኛችን ጋሽ ቶሎሳ፣ አካባቢው ሁሉ እርሻ በነበረበት ዘመን እዚያው የተወለዱ ሰው፣ ካሜራ ይዤ ባዩኝ ቁጥር ይቀልዱብኝ ነበር። የእኔን ፎቶግራፎች ያየ ሰው እዚህ ግቢ ፊት ይዞ የተፈጠረ ሰው የለም ብሎ ያስባል ይሉኛል። እኔም እንደ ምስጋና እቀበለው ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ ለግማሽ ቀን ሥልጠና ተላክሁ። አሠልጣኙ ከመካከላችን አንድ ሰው በስልኩ ያነሳውን ማንኛውንም ፎቶግራፍ እንዲሰጠው ጠየቀ። ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ቤቴ በረንዳ ላይ የተከልኳትን ጤና አዳም ያነሳሁበትን ሰጠሁት። ከቅጠልና ከቆርቆሮ ጣሳ በቀር የሚታይበት ነገር የለም። አሠልጣኙ ፋይሉን ከፍቶ ከምስሉ ጋር ተደብቆ የተቀመጠውን መረጃ ግድግዳው ላይ አሳየን፤ የስልኬ ዓይነት፣ ፎቶው የተነሳበት ቀንና ሰዓት እስከ ሰከንዱ፣ በመጨረሻም ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች። ቁጥሮቹን ካርታ ውስጥ ሲያስገባቸው ቀዩ ምልክት እኔ የምኖርበት ሕንጻ ላይ አረፈ። ሠልጣኞቹ ሳቁ። እኔ የማስበው ባለፈው ዓመት ስለላክኋቸው ፎቶግራፎች ነበር።

በማግስቱ ሁሉንም መረመርኳቸው። በአጋጣሚ የቀድሞው የቢሮ ስልክ ቦታ አይመዘግብም ኖሮ አንድም ቁጥር አላገኘሁም። ቢሆንም የሠራተኞቹን ስልኮች ሰብስቤ የካሜራቸውን የቦታ መጠቆሚያ አጠፋሁ፤ ለራሴም ሥርዓት አበጀሁ። ፎቶግራፉን ከስልክ ወደ ኮምፒውተር እገለብጥና «ጥሬ» በሚል ፎልደር አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ድብቁን መረጃ አስወግጄ አዲስ ቅጂ አወጣለሁ። ቅጂውን እንደገና ከፍቼ ባዶ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ለስልክ እንዲቀል መጠኑን አሳንሼ «ንጹሕ» በሚለው ፎልደር ውስጥ አኖረዋለሁ። ከግቢው የሚወጣው ከንጹሑ ብቻ ነው። በዚህ ሥርዓት አራት ዓመት ያህል ያለ አንዳች እንከን ሠራሁ።

ሙሉነሽ ብዬ የምጠራት ሴት፣ እውነተኛ ስሟ ይህ አይደለም፣ ከአራት ዓመት ልጇ ጋር ወደ እኛ የመጣችው በ2016 ዓ.ም. ነው። ባለቤቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የቀኝ እጇ የቀለበት ጣት ከመገጣጠሚያው ላይ ወደ ጎን የታጠፈ ነው፤ የሰበረው እሱ ነው። ማኅደሯን የሞላሁት እኔ ስለሆንኩ እንዴት እንደሰበረው አውቃለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም። በዚያው እጅ መርፌ ይዛ ስትጠልፍ ግን ከግቢው የሚስተካከላት አልነበረም። ከመጣች በኋላ ለሁለት ወር ከበሩ ወደ ውጭ አልወጣችም። ባሏ እንደሚፈልጋትና ካገኛት እንደሚገድላት ነግሮኛል ብላ አስመዝግባ ነበር።

ሳሪስ በሚካሄድ ባዛር የሴቶቹ ሥራ እንዲሸጥ ተወሰነ። እዚያ ለሚሰቀለው ባነር የሙሉነሽን እጆች ነጭ ጨርቅ ላይ ስትጠልፍ አነሳኋቸው። ያነሳሁት በአዲስ ስልክ ነው፤ የቀድሞው ተበላሽቶ ነበር። ካሜራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስከፍት ቦታ ለመመዝገብ ፈቃድ ጠየቀኝ። ሳላነብ «ፍቀድ» የሚለውን ነካሁ።

ባነሩን የሚያትምልን አቃቂ በሰቃ ማተሚያ ቤት ያለው ሀብታሙ ነበር። ወይዘሮ የሺእመቤት፣ ሀብታሙና እኔ በስልክ የምንጻጻፍበት ግሩፕ ከፍተን ነበር። ከ«ንጹሕ» ፎልደር ያወጣሁትን ላክሁለት። ወዲያው ደወለልኝ።

«እትዬ ሰብለ፣ ይቺ ስትሰፋ ትፈርሳለች። የማትመው ባነር ነው እንጂ ቴምብር አይደለም። ዋናውን በፋይል ላኪልኝ።»

በስልክ ፎቶግራፍ የሚልክ ሁሉ የጥራቱን ልዩነት ያውቃል፤ የመረጃውን ብዙዎች አያውቁም። እንደ ፎቶ ሲላክ መተግበሪያው ያሳንሰዋል፤ በዚያውም ድብቁን መረጃ ይጥለዋል። በፋይል ሲላክ ከነሙሉ ጥራቱ፣ ከነሙሉ መረጃው ይሄዳል። በከተማችን «በፋይል ላኩልኝ» የማይል ማተሚያ ቤት የለም፤ ከሙያው አንጻር እውነቱን ነው።

ትልቁ ቅጂ ያለው «ጥሬ» ውስጥ ብቻ ነበር። ከዚያ አውጥቼ ላክሁለት። በስንፍና አልነበረም፤ አስቤበታለሁ። ባነር ላይ የታተመ ምስል ቁጥር አይሸከምም። ሀብታሙም ፋይል ከፍቶ ቁጥር የሚመረምር ሰው አይደለም። ሁለቱም እውነት ነበር። ያላሰብኩት ግሩፑ ውስጥ ያለነው ሦስት መሆናችንን ነው።

ወይዘሮ የሺእመቤት ጥራት ያለውን ፎቶግራፍ ግሩፑ ላይ አይተው ወደዱት። ጥልፋችንን ለሕዝብ ወደምናስተዋውቅበት ቻናል እንዳለ አስተላለፉት። ቻናሉን ማምሻውን ከፍቼ አየሁት። ፊት ይታይ እንደሆነ ተመለከትኩ። አይታይም። ዘጋሁት።

በአምስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ አንድ የጭነት መኪና በራችን ፊት ለፊት ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ አንኳኳ፤ ሙሉነሽን በሙሉ ስሟ ጠርቶ እንዲጠሩለት ጠየቀ። ጋሽ ቶሎሳ ቤቱ ጥልፍ ማስተማሪያ እንደሆነ፣ በዚህ ስም የምትጠራ ሰው እንደሌለ ነገሩት። አልተቆጣም።

«አባባ፣ እርስዎን አላስቸግርም» አላቸው፤ ስልኩን እያሳየ። «ይኸው ከበርዎ ላይ አድርሶኛል። እዚሁ እጠብቃታለሁ።»

ፖሊስ ተጠርቶ ወሰደው። ከሰዓት በኋላ በእግሩ ተመልሶ መጣና ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሚስትን ለመጠየቅ መንገድ ላይ መቀመጥ በየትኛው ሕግ እንደሚያስቀጣ ጠይቋቸው፣ ቃሉን ተቀብለው ለቀውት ነበር።

ውስጥ ያሉት ሴቶች በሙሉነሽ ላይ ተነሱባት። ራሷ ደውላለት ነው ተባለች። እያንዳንዷ የምትፈራው ሰው አላት፤ አንዱ በሩን ካገኘ ሌላውም ያገኘዋል።

«ናፍቆሽ ከሆነ ብቻሽን አትሄጂም ነበር?» አለቻት አንዲቷ። «እኛን ለምን ታስበይናለሽ?»

ሙሉነሽ ልጇን አልጋ ሥር አስገብታ ከፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ወደ ጠረጴዛዬ ሄጄ ቻናሉ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አወረድኩና መረጃውን ከፈትኩ። ሁለቱ ረጃጅም ቁጥሮች ነበሩ። ካርታው ላይ ሳስገባቸው ምልክቱ የጥልፍ ክፍላችን ጣሪያ ላይ አረፈ። ቻናሉን አጠፋሁ፤ ጥቅም እንደሌለው እያወቅሁ።

ወይዘሮ የሺእመቤት ከፖሊስ ጣቢያው ጋር በስልክ ተነጋግረው ጨርሰው ነበር። ሰውየው ምንም አልደበቀም። ሚስቱ ጥልፍ እንደምትችል ስለሚያውቅ ከጠፋችበት ቀን ጀምሮ ጥልፍ የሚሸጥ ቻናል ሁሉ ይከታተል ነበር። የታጠፈውን ጣት ሲያይ ወዲያው ለይቶታል። ፋይሉን ስልኩ ላይ ሲያወርደው ካርታው ከሥሩ መጣለት። የአንዲት ሴት እጅ የእሷ መሆኑን በምን እንዳረጋገጠ መርማሪው ሲጠይቀው «የሠራሁትን አላውቅም?» ብሎ መልሷል።

ያገኘሁትን ነገርኳቸው። 

«ይህ ከዚህ ክፍል አይውጣ» አሉ። «ጎረቤት ጠቆመ እንበላቸው።»

«ሙሉነሽ ናት የጠቆመችው እያሉ ነው» አልኳቸው።

«ወደ ቻናሉ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፣ ሰብለ። ጎረቤት ነው እንበል ያልኩት አንቺን ለማዳን አይደለም።»

«ጥሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቻናሉ ላይም አይቼው አልፌአለሁ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እንግዲያው አንቺው ንገሪያቸው» አሉኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ጥልፍ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰብኳቸው። ፎቶግራፍ ውስጥ ምን እንደሚደበቅ፣ እኔ ምን እንዳደረግሁና ምን ሳላደርግ እንደቀረሁ በቅደም ተከተል ገለጽሁ። ማንም አልደወለም አልኩ። ሙሉነሽን የወቀሰቻት ሴት አንገቷን ደፋች። ሌላዋ ከዚህ በፊት የእሷ እጆችም ተነስተው እንደነበር አስታውሳ የእነሱስ ብላ ጠየቀችኝ። ንጹሕ ናቸው አልኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ሙሉነሽ እስከ መጨረሻው ጠብቃ ተናገረች።

«ፊትሽ አይታይም ብለውኝ ነበር፣ እትዬ ሰብለ።»

«አዎ፣ ብዬሻለሁ።»

«እሱ እኮ ፊቴን አያየኝም ነበር» አለች። «የሚያውቀው እጄን ነው።»

በዚያ ምሽት ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ተመደቡ። ሰውየው ከማዶው ድንጋይ ተነስቶ ሄደ፤ ወዴት እንደሄደ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስብሰባ ተቀመጥን። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ግቢው እስከ ቀትር እንዲለቀቅና ሴቶቹ በፖሊስ አጀብ በሦስት ዙር ወደ ሌላ ቤት እንዲዛወሩ ተወሰነ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የሥራ መልቀቂያዬን ግን ወይዘሮ የሺእመቤት አልተቀበሉትም። የፎቶግራፉን ሥርዓት በተመለከተ ያቀረብኩት ሐሳብ ጸደቀ፤ ለሙያ ባልደረቦቼ የምለውም ይህንኑ ነው። ንጹሑን ቅጂ በሙሉ ጥራት አስቀምጡት። ጥሬውን በዚያው ቀን አጥፉት። ጥሬው እስካለ ድረስ አንድ ቀን በቂ ምክንያት ይገኝለትና ይላካል።

ሙሉነሽና ልጇ ወደ አዲሱ ቤት በሚሄዱት ዝርዝር ውስጥ አልገቡም። በራሷ ጥያቄ ከከተማው ውጭ ላለ ሌላ መጠለያ ተላለፉ። የምትሄድበትን ቦታ ከወይዘሮ የሺእመቤት በቀር ማንም እንዳያውቅ፣ በተለይም ማኅደር ለምይዘው ለእኔ እንዳይነገር ጠየቀች። ጥያቄው ተገቢ ነው ብዬ በቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርኩት፤ ከሥሩም ፈረምኩ።