ስለ ውኃ ተጠርተን ሆቴል ስንመርጥ

ስለ ውኃ እጥረት እንድንመክር አዲስ አበባ የተጠራን ሰዎች የመጀመሪያውን ከሰዓት በኋላ ያጠፋነው ስለ መዋኛ ገንዳ ስንከራከር ነው። ሌሎቹን ብቻ የማማ እንዳይመስል፣ እኔም እጄን አውጥቼ ድምፅ ሰጥቻለሁ።

ያኔ ሰቆጣ ውኃ ጽሕፈት ቤት እሠራ ነበር። ከሰሃላ አንድ ሽማግሌ ይዤ እንድመጣና ኽምጣናቸውን ወደ አማርኛ እንድመልስ ታዘዝኩ። አማርኛ አይቸግራቸውም፤ ቁም ነገር ግን በራሳቸው ቋንቋ ካልተናገሩት የተናገሩት አይመስላቸውም። የቀበሌያቸው ጉድጓድ ፓምፑ ከተበላሸ ሁለት በጋ አልፎታል፤ ሴቶቹ ውኃ የሚቀዱት ተከዜ ድረስ ወርደው ነው። የጠራን ድርጅት የትኞቹ ጉድጓዶች እንደሚጠገኑ በዚያ ስብሰባ ሊወስን ነበር። አገሬው ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስቦ ሽማግሌውን መረጠ፤ የሩብ ሰዓት ንግግርም ተፈቀደላቸው። መንገዱን ሁሉ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የሚሉትን ሲያጠኑ መጡ።

ሆቴሉ በር ላይ ረጅም ካፖርት የለበሰ በረኛ ጎንበስ ብሎ፣ «እንኳን ደህና መጡ አባቴ፤ ይግቡ» አላቸው። ወንበር ሳበላቸው፣ ውኃ በብርጭቆ አመጣላቸው። እሳቸውም ከዘራቸውን ተደግፈው ቤቱን መረቁና ተቀመጡ።

እኛ ግን አልተቀመጥንም። ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ የሚደርሰው አስተባባሪ ገንዳው እድሳት ላይ መሆኑን ሰምታ ፊቷ ጠቁሯል። ሁለት ስልክ የያዘው የድርቅ ባለሙያ ደግሞ የዚህ ቤት ቁርስ ደካማ ነው አለ። በድርቅ የሠለጠነ ሰው ስለ ቁርስ ያን ያህል ማወቁ ይገርማል። ከቀለበት መንገዱ ማዶ ሌላ ሆቴል አለ፤ ገንዳው ይሠራል፣ እንፋሎት ቤት አለው፣ ትራስ እንኳ በምርጫ ነው ተባለ። ስለ ትራስ ሃያ ደቂቃ ተወራ። ትራስ ዓይነት ዓይነት እንዳለው ገና ያን ቀን መስማቴ ነው፤ ግን ድሮም እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ባለሙያው በስልኩ የመታጠቢያ ቤቱን ፎቶ አሳየኝ። ሰው ተጋድሞ የሚታጠብበት ነጭ ገንዳ ነበር። የማንንም ሐሳብ ሳልጠብቅ እጄን አወጣሁ።

ነገሩን ስነግራቸው ሽማግሌው ግራ ገባቸው።

«ውጡ አሉን?»

«አላሉም።»

«እህል የለንም አሉ?»

«ኧረ ሞልቷቸዋል። ያኛው ይሻላል ተብሎ ነው እንጂ።»

«ግቡ ብሎ ከተቀበለን ሰው ተነስተን፣ የተሻለ አየን ብለን ጎረቤት ልንገባ? እኔ ይሄን ሰው አላዋርድም። እናንተ ሂዱ።»

እኛ አገር እንግዳ ቤት አይመርጥም። መጀመሪያ ግባ ያለው ቤት ማደሪያው ነው፤ ከተቀመጠ በኋላ ተነስቶ ወደ ጎረቤት ቢዞር ነውሩ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ይህን እያወቅሁ አፈርኩባቸው። ለአስተባባሪዋ፣ «በረኛውን የቤቱ ጌታ አድርገውት ነው» ስላት ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ከዚያ ጉዞ ሁሉ አብልጬ የምጸየፈው ያን ሳቄን ነው።

እሳቸው እዚያው ይደሩ፣ ጠዋት መኪና ይላክላቸዋል ተባለ። እኔም፣ «ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ» አልኳቸው።

«እንዳታስቀረኝ። አገር ነው የላከኝ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሙቅ ውኃ እስከ አገጬ ሞልቼ ተጋድሜ ነበር። መኪናው ያመጣቸዋል ብዬ፣ ሲቀዘቅዝ ደፍቼ እንደገና ሞላሁት። ቁርስ ላይም ከሰባት ዓይነት ዳቦ የቱን እንደማነሳ ጨነቀኝ። መኪናው ለካ አንድ የበላይ ኃላፊ ሊቀበል አየር ማረፊያ ሄዷል። ኃላፊው የሚቸኩሉ ስለነበሩ የጉድጓዶቹ ውሳኔ ከሻይ በፊት ይሁን ተባለ። «የሰሃላው ተናጋሪስ?» ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ተነስቼ መናገር እችል ነበር፤ ያን ፓምፕ በገዛ እጄ ፈትቼ አይቼዋለሁ። እኔ ግን «እየመጡ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። ዝርዝሩ ተነበበ፣ ተፈረመ። የእሳቸው ጉድጓድ አልነበረበትም።

ልወስዳቸው ስሄድ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከበረኛው አጠገብ ቆመው ነበር። ጎህ ሲቀድ ጀምሮ እንደቆሙ የነገረኝ በረኛው ነው። ከምሳ በኋላ ተናገሩ፤ ያጠኑትን አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ፣ እኔም ተረጎምኩ። በልቶ የጠገበው ጉባኤ ቆሞ አጨበጨበላቸው። አስተባባሪዋ እንባዋን ጠርጋ አብራቸው ፎቶ ተነሳች። ባለሙያው «ልብ ይነካል» እያለ ፎቶውን ያኔውኑ ለሰው ላከ። ዝርዝሩን እንክፈተው ያለ ግን አልነበረም፤ እኔም አላልኩም።

ወደ አገር ስንመለስ፣ «ሰሙን?» አሉኝ።

«ያስቡበታል» አልኳቸው። መሥሪያ ቤት ያስተማረኝ ውሸት ነው።

በሚቀጥለው በጋ ለሥራ ሰሃላ ወረድኩ። በደጃቸው ላለማለፍ ጠመዝማዛውን መንገድ ብይዝም ከሩቅ አይተው፣ «ግባ» አሉኝ። ከተባልኩ ወዲያ ማለፍ አልችልም። ገብቼ ተቀመጥኩ። ስለ ጉድጓዱ አንድም ቃል አላነሱብኝም፤ ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር። ምራታቸው እግሬን ልታጥበኝ ሳፋና ጀሪካን ይዛ መጣች። ቤቱ ውስጥ ሌላ ጀሪካን አልታየኝም።

«ደህና አድርገሽ አፍስሺለት፤ ከሩቅ ነው የመጣው» አሏት።

ከተከዜ በጀርባዋ አዝላ ያወጣችውን ውኃ እግሬ ላይ አፈሰሰችው። ይበቃኛል ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።