መንዳት የማይችለው ሾፌር

ትናንት ልጄ ሰሜን ክፍለ ከተማ ካለው ሜዳ መኪና ስትለማመድ ፍሪሲዮኑን ድንገት ለቀቀችውና ሞተሩ አንገጫግጮን ጠፋ። እሷ አፈረች፤ እኔ ግን እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ክፍሎም ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ እዚሁ መቀሌ፣ በአንድ የመንግሥት ፋብሪካ ጋራዥ የቀን ሠራተኛ ሆኜ ጎማ እቀይራለሁ። የሾፌር ቦታ ሲወጣ ተፈተንኩና አንደኛ ወጣሁ። የእጮኛዬ አባት "ቋሚ ሥራ ለሌለው ልጄን አልድርም" ብለው ቁርጡን ነግረውኝ ስለነበር በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። በሳምንቱ ግን ቦታው ፈተናው ላይ ላልነበረው ለክፍሎም ተሰጠ። የቦርዱ ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ ደውለው ነው አሉ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ!

ይባስ ብሎ ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ።

"ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ልጁ መንጃ ፈቃድ አለው፤ መንዳት ነው የጎደለው። አንተ አስተምረው።"

እንግዲህ ቦታዬን ለወሰደው ሰው አስተማሪ ሆንኩ። ክፉ ልጅ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን ዳቦውን ያካፍለኛል፤ ማርሽ ባስገባ ቁጥርም ያማትባል። እንዴት ልጥላው?

ነሐሴ ላይ ሰብሳቢው ለጉብኝት መጡ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ስንመለስ ክፍሎም ይነዳል፤ እኔ "ለማንኛውም" ተብዬ ከጎኑ፣ ሰብሳቢውና ሥራ አስኪያጁ ከኋላ። ዝናቡ አባርቶ አገሩ እርጥብ አፈር ይሸታል። ኲሓ ስንደርስ ፍየል ከፊቱ ድቅን አለችበት፤ ፍሬን የያዘ መስሎት ነዳጁን ረገጠው። ፍየሏ አመለጠች፤ እኛ የበለስ ክምር ላይ ወጥተን ቆምን። ሻጯ ኡኡ አለች። ሰብሳቢው ተቆጥተው ሲወርዱ አዳለጣቸውና በዚያ ሙሉ ልብስ በለሱ ላይ ቁጭ!

"ይህን ደንቆሮ ማነው የቀጠረው?" አሉ፣ ከሱሪያቸው እሾህ እየነቀሉ።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እርስዎ ነዎት ጌታዬ። የእህትዎ ልጅ ነው።"

ሰብሳቢው በሕፃንነቱ ካዩት ወዲህ አላገኙትም ነበርና ትኩር ብለው አዩት።

"ዋእ! የአብረኸት ልጅ ነህ? አፍንጫው ቁርጥ አባቴን!" አቅፈው ሳሙት። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። "ይህን የመሰለ ልጅ በሾፌርነት ታባክኑታላችሁ?"

በማግስቱ ክፍሎም የስምሪት ኃላፊ፣ የሾፌሮች ሁሉ አለቃ ሆነ። ክፍቱ ቦታ ለእኔ ደረሰኝ፤ በጥር ተሞሸርኩ። አለቃዬ የሙሽራውን መኪና ካልነዳሁ ብሎ በስንት ልመና ተወው።

ልጄ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ገና እስቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበኛል፤ ሥራ አስኪያጁ "ቦታው ያንተ ነው" ያሉኝ ዕለት፣ ተፈትኜ ላገኘሁት ለገዛ ሥራዬ፣ ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።